ትምህርት ቤትዎን ሳሎኔ ውስጥ ስለከፈቱልኝ

ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዳማ

ለተከበሩ አቶ ዲበኩሉ አምባዬ
ርእሰ መምህር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከልብ የመነጨ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበሩ አቶ ዲበኩሉ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ነፋሱ በነፈሰ በሦስተኛው ቀን አዲስ ቆርቆሮ ለለበሰው ቢሮዎ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኛም የሚያዝያን ሙቀትና የአዳማን አቧራ ከቁጥር ካላስገባናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። ስሜ የሺዓለም ይባላል። እርስዎ በዚህ ስም እንደማያውቁኝ አውቃለሁ፤ አራት ዓመት ሙሉ በግቢዎ በር ላይ በተገናኘን ቁጥር «የሶፊ እናት» እያሉ ስለሚጠሩኝ፣ እኔም ከስሞቼ ሁሉ እሱን ስለምወደው፣ አርሜዎት አላውቅም። ደብዳቤውን በአደባባይ መጻፌ ደፋር ስለሆንኩ አይደለም። በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ መጻፍ የሚችሉት እርስዎ ብቻ እንዲሆኑ ከተደረገ ወዲህ፣ እኛ ወላጆች አውራ ጣት ከማሳየት በቀር የምንናገርበት ቦታ አጥተን ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። የካቲት አሥራ ስምንት ቀን አመሻሹ ላይ የተነሣው ነፋስ የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ ገንጥሎ ወሰደው። አዳማ ውስጥ በነፋስ ማንም አይከሰስም፤ ልጆቹም ቤታቸው ገብተው ስለነበር የተጎዳ የለም፣ ተመስገን ነው። በማግስቱ አቶ ዲበኩሉ «ተማሪዎች ለሁለት ሳምንት ብቻ በወላጆች ድጋፍ በየቤታቸው ይማራሉ» የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም ለቀቁ። ዛሬ አሥራ አንደኛው ሳምንት ላይ ነን።

የእኔ ቤት ሁኔታ ደግሞ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ሰይፈሚካኤል የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በወር ውስጥ ቤቱ የሚያድረው ስድስት ቢበዛ ሰባት ቀን ነው። እኔ አዲስ አበባ ያለ፣ ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ የደንበኞችን ቅሬታ በስልክ እቀበላለሁ። ሥራዬን የምሠራው እዚሁ አዳማ፣ መኝታ ቤቴ ውስጥ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ነው። ድርጅቱ ከቤት እንድሠራ የፈቀደልኝ በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ደንበኛ ከእኔ ድምፅ ሌላ ድምፅ መስማት የለበትም። ሦስት ደንበኞች ስለ ጫጫታ ቅሬታ ካስመዘገቡብኝ ወደ አዲስ አበባው ቢሮ ተመለሽ እባላለሁ። መመለስ ማለት ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ማታ ሁለት ሰዓት መግባት ነው፤ ሁለት ልጆች ባዶ ቤት ትቼ ስለማልሄድ ደግሞ ነገሩ ሥራሽን ተዪ ከመባል አይለይም። እንግዲህ አራተኛ ክፍልን ከሶፊ ጋር፣ አንደኛ ክፍልን ከታናሽ ወንድሟ ከመሳይ ጋር ሳሎኔ ውስጥ የተቀበልኩት በዚህ ሁኔታ ላይ ሆኜ ነው። ደንበኛውን «እባክዎ መስመር ላይ ይጠብቁኝ» ብዬ፣ የማስጠበቂያው ሙዚቃ እስኪያልቅ ሳሎን ሮጬ አንድ ክፍልፋይ አስረድቼ እመለሳለሁ። ሶፊ ሲሦና ሩብን የለየችው በዚያ ሙዚቃ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ለድምፅ ስለሚሰጡት ክብር አመሰግናለሁ። በየቀኑ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት እንዲላክ ባዘዙት ቪዲዮ ላይ ተማሪው የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ የዕለቱን ትምህርት «ከጎን ክፍል በሚሰማ ድምፅ» እንዲወጣ መመሪያዎ ያዛል። በእኛ ቤት የጎን ክፍል ማለት መኝታ ቤቱ ነው፤ መኝታ ቤቱ ማለት ደግሞ ቢሮዬ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሶፊ ለእናቷ አዝና ቀስ ብላ ወጥታው ነበር፤ «ድምፅ የለም፣ ይደገም» ተብሎ ተመለሰላት። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ትጮህ ጀመር። አንዲት የቢሾፍቱ ደንበኛ የልብስ ማጠቢያዬ ውኃው አልወርድ አለኝ እያሉ ሲነግሩኝ፣ ከበስተጀርባዬ ውኃ ተኖ ደመና እንደሚሆን፣ ደመናው ደግሞ ዝናብ ሆኖ እንደሚወርድ በደንብ ተብራራላቸው። ሴትዮዋ የተቀለደባቸው መሰላቸውና የመጀመሪያው ቅሬታ ተመዘገበ። ሁለተኛውን ያስመዘገበልኝ መሳይ ነው፤ እስከ መቶ ቆጥሮ፣ ቪዲዮው አልተቀረጸም ስለተባለ እንደገና ከአንድ ጀምሮ።

ሁለተኛ፣ ስለ ኮሙኒኬሽን ቡኩ ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም። ልጅ ለሌለው አንባቢ ለማስታወስ ያህል፣ መምህር የልጁን ውሎ ጽፎ የሚልክበት፣ ወላጅ ደግሞ አንብቦ የሚፈርምበት ደብተር ነው። ጣሪያው ሲሄድ ደብተሩም አብሮ ይቀራል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ እርስዎ ግን ሥርዓት እንዳይጓደል ብለው አንዳች ሳይለወጥ ይቀጥል አሉ። እነሆ በመምህር ቦታ ላይ ለራሴ እጽፋለሁ፣ በወላጅ ቦታ ላይ ለራሴ መልስ እሰጣለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ሁለታችንም ጨዋ ነበርን። መምህርቷ «ሶፊ ዛሬ ጎበዝ ነበረች» ትላለች፣ ወላጅ «እናመሰግናለን መምህርት» ትላለች። እየዋለ እያደረ ግን ሆድና ጀርባ ሆንን። መምህርቷ፣ ልጆቹ ቁርሳቸውን ሳይጨርሱ ነው ክፍል የሚገቡት ብላ ጻፈች፤ ወላጅ ደግሞ፣ መምህርቷ በትምህርት ሰዓት ስልክ ታወራለች ብላ ከሰሰች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ደብተሮቹን አርብ አርብ የበሩ ጥበቃ አቶ ደገፋ ይሰበስቧቸዋል፤ ሰኞ እርስዎ አይተዋቸው፣ ክብ ማኅተም አሳርፈውባቸው ይመለሳሉ። በስድስተኛው ሳምንት እውነቱን ጻፍኩ። መሳይ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ አልወጣም እንዳለ፣ መምህርቷም ልታወጣው ገብታ እዚያው ጥቂት ደቂቃ አርፋ እንደወጣች አስፍሬ ላክሁ። ደብተሩ ሲመለስ በቀይ እስክሪብቶ «ወላጅ በአስቸኳይ ቀርበው ከመምህርቷ ጋር ይወያዩ» ተብሎ ተጽፎበት፣ ከሥሩ «የመምህርቷ የእጅ ጽሑፍ ይሻሻል» የሚል ምክር ተጨምሮበት፣ ማኅተሙም እንደ ወትሮው ደምቆ ነበር። ትእዛዝዎን አክብሬ በምሳ ሰዓት ሻይ አፈላሁና ከራሴ ጋር ተቀመጥኩ። ውይይቱ ሰላማዊ ነበር፤ ሁለታችንም ጥፋቱን በርእሰ መምህሩ ላይ አላክከን ተለያየን።

ሦስተኛ፣ በዚህ ዕድሜዬ ዕውቀት ስለጨመሩልኝ፣ ሰውም ስላስተባበሩልኝ አመሰግናለሁ። አፋን ኦሮሞ በገበያና በባጃጅ የሚያግባባኝን ያህል እናገራለሁ፤ በቁቤ አጽፊ ስባል ግን ከመሳይ እኩል አንደኛ ክፍል ነኝ። ጎረቤታችን አዴ ጂቱ በአጥሩ ማዶ ልብስ እያሰጡ ያስተምሩናል፤ ከሦስቱ ተማሪዎቻቸው ሰነፏ እኔ እንደሆንኩ ሳይደብቁ ነግረውኛል። ሰይፈሚካኤልም አልቀረለት፣ የስፖርት መምህር ሆኖ ተመድቧል። ሦስት ቀን ሙሉ ሲነዳ ቆይቶ የገባ ሰው፣ ጫማውን ሳያወልቅ «ወላጅ ከልጁ ጋር ሃያ ጊዜ ሲዘል የሚያሳይ ቪዲዮ» ተጠየቀ። ዘለለ። በአሥራ አራተኛው ላይ ወገቡን ይዞ ተቀመጠ። ቪዲዮው ደርሶዎታል፤ አውራ ጣት ሰጥተውበታል፣ እግዜር ይስጥልን።

አራተኛ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የሻይ እረፍቴን ሳልጨርስ ከአርሲ ነገሌ ስልክ ተደውሎ ነበር። ሰውየው ፍሪጄ ድምፅ ያወጣል አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ሰው ድምፅ ስለሚያወጣ ዕቃ ይነግረኛል፣ እኔም እሺ ብዬ መዝግቤ ባለሙያ እልካለሁ። ቤቴ ውስጥ ስለሚሰማው ድምፅ እኔ የምነግረው ቢኖረኝ ምን ነበረበት።

አራተኛው እንግዲህ እርስዎና እኔ ብቻ የምናውቀው ነው፤ እርስዎም ቢሆኑ እስከ ዛሬ ግማሹን ብቻ ነበር የሚያውቁት። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ፣ ለአራት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ አንድ ደንበኛ ደወሉ። አዳማ ነዋሪ ነኝ፣ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነኝ፣ ፍሪጁ አልቀዘቅዝ ብሎ ከፋሲካ የተረፈ ሥጋዬ ሸተተ አሉ። ሙሉ ስማቸውን ጠየቅሁ፣ ነገሩኝ፤ እርስዎ ነበሩ። እኔም ስሜን ነግሬዎታለሁ፤ የሶፊ እናት ነኝ ስላላልኩ አላወቁኝም። ልክ በዚያች ደቂቃ ሳሎን ውስጥ ሶፊ ሰዓቱ እንዳያልፍባት የደንብ ልብሷን ለብሳ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ የስምንትን ማባዣ እርስዎ ባዘዙት ድምፅ ትወጣ ነበር። ሥጋውን ተዉትና ተቆጡ።

«እዚያ አካባቢ ትምህርት ቤት የለም እንዴ? ይህቺ ልጅ በዚህ ሰዓት ክፍል ውስጥ መሆን አልነበረባትም?» አሉኝ።

ከንግግሮችዎ ሁሉ በሙሉ ልቤ የተስማማሁበት ይህ የመጀመሪያው ነው። ነገር ግን ጥሪ ሁሉ ይቀረጻል፣ የምንናገረውም ተጽፎ የተሰጠን ነውና «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» ብቻ አልኩ። እርስዎ በዚያ አልበቃዎትም፤ ወደ አለቃዬ ይዛወርልኝ ብለው፣ ሠራተኛዋ ሥርዓት የላትም ብለው አስመዘገቡ። ሦስተኛው ቅሬታ ይኸው ነው። ፍሪጅዎ በማግስቱ ተጠግኗል፤ አንድ ቀን ነው የፈጀው። ሶፊም ማባዣውን አንድም ቦታ አልሳተችም፣ ቪዲዮው እጅዎ ላይ ስላለ ማረጋገጥ ይችላሉ።

የሚቀጥለው ቁጥር የለውም፣ ምስጋናም አይደለም። ሦስተኛው ቅሬታ የመጣ ዕለት ልጆቼን አስቀምጬ፣ ከእንግዲህ አንድ ድምፅ ከተሰማ እማዬ ሥራዋን ታጣለች አልኳቸው። ለሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ ተብሎ አይነገርም፤ አውቃለሁ፣ ግን ተናገርኩት። እሑድ ዕለት መሳይ ከሰፈር ልጆች ጋር ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወት ጎል አገባ። ጓደኞቹ እየጮኹ ሲያቅፉት እሱ ወደ እኔ ዞረ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፣ በሹክሹክታም «ጎል» አለኝ። ከቤት ውጭ፣ ገላጣ ሜዳ ላይ እኮ ነው። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በእርስዎ ተናደድኩ፣ ከእርስዎ ይልቅ ግን በራሴ ተናደድኩ። ይህን ደብዳቤ መጻፍ የጀመርኩትም ያን ዕለት ነው።

አምስተኛ፣ በቢሮዎ ስላደረጉልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። የድርጅቴ ኮሚቴ ጉዳዬን የሚያየው የፊታችን አርብ ነው። የልጆቹ ትምህርት ቤት በጊዜያዊነት መዘጋቱን የሚገልጽ አንድ መስመር ደብዳቤ ካመጣሽ እስኪከፈት እንታገሥሻለን ብለውኛል። አንድ መስመር ነው። ሰኞ በዓል ስለነበር ትናንት በምሳ ሰዓቴ ባጃጅ ይዤ መጣሁ። ጥላ ያለው፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ደስ የሚል ቢሮ ነው፤ በመስኮቱ በኩል አራተኛ ክፍል ይታያል፤ ጣሪያ የለውም፣ ጥቁር ሰሌዳው ጫፍ ላይ ሁለት እርግቦች ተቀምጠዋል። ጥያቄዬን በትዕግሥት ሰሙኝና መልስዎን ሰጡኝ።

«የሶፊ እናት፣ የእኛ ትምህርት ቤት አንድም ቀን ተዘግቶ አያውቅም።»

ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በየሳምንቱ የሚልኩት ሪፖርት መማር ማስተማሩ ሳይቆራረጥ ቀጥሏል ስለሚል፣ ተዘግቷል የሚል ወረቀት በማኅተምዎ ሊወጣ እንደማይችል በትሕትና አስረዱኝ። እንግዲያው ክፍት ከሆነ ነገ ልጆቼን ላምጣቸው ስል ደግሞ፣ ጣሪያ የለም እኮ፣ ልጆቹን ፀሐይ ላይ ልናስጣቸው ነው ወይ ብለው አዘኑልኝ። ከቢሮዎ ስወጣ የገባኝ፣ ትምህርት ቤቱ ለሪፖርት ክፍት፣ ልጅ ይዞ ለመጣ ደግሞ ዝግ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ተቋም በአገራችን ጥቂት ነው አልልም፣ ግን አዲስ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ እንዲህ በረጋ መንፈስ ሲነገር የሰማሁት ገና አሁን ነው።

ሌላ ማስረጃ ሳጣ ኮሙኒኬሽን ቡኮቹን ፎቶ አንሥቼ ለኮሚቴው ላክሁ። በመምህር ቦታ ላይ የእኔ ስም፣ በወላጅ ቦታ ላይ የእኔ ስም፣ ከሥሩ የእርስዎ ማኅተም፣ በሁለቱ ልጆች ሃያ ጊዜ። ይህን ያየ ሰው ሌላ ምን ይጠይቃል ብዬ ነበር። ኮሚቴው ማኅተሙን ብቻ አይቶ፣ ትምህርት ቤቱ እኮ በየሳምንቱ ሳያጓድል እየሠራ ነው፣ ልጆቹ ታዲያ ቤት ምን ይሠራሉ አለኝ። ለማኅተምዎ በአገሩ ያለው ክብር እንዲህ ነው፤ እንኳን ደስ አለዎት።

ስለሆነም ከሁለት ወረቀቶች አንዱን እንዲሰጡኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። አንደኛው ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል የሚለው ነው፤ ይህ ሥራዬን ያተርፍልኛል። እሱ የማይሆን ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱም አንድም ቀን ካልተዘጋ፣ በእነዚያ ቀናት አራተኛና አንደኛ ክፍልን ያስተማረ ሰው መኖር አለበትና የሥራ ልምድ ማስረጃ ይጻፍልኝ። ሥራ ሳጣ ሌላ ትምህርት ቤት አመለክትበታለሁ። በጠባይ በኩል የእጅ ጽሑፏ መሻሻል አለበት የሚለው ቢገባበት ቅር አይለኝም፣ እውነት ነው።

የእርስዎን ሥራ ከራሴ ሥራ ጋር ደርቤ፣ ሁለቱንም በእኩል እያጓደልኩ፣ ለመልካም አስተዳደርዎ ግን ያለኝ አድናቆት ሳይጓደልብኝ የምገኝ፣

የሺዓለም
የሶፊና የመሳይ እናት
የአራተኛና የአንደኛ ክፍል ኃላፊ መምህርት (ሳትመደብ)
የደንበኞች ቅሬታ ተቀባይ (እስከ አርብ)

ግልባጭ፦
ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ፣ ሳምንታዊ ሪፖርቱን ለሚያነበው ሰው፣ የሚያነበው ሰው ካለ
ለአዴ ጂቱ፣ የአጥር ማዶ ትምህርት ክፍል
ለአቶ ሰይፈሚካኤል፣ ወገቡን እንደያዘ በሚሌ መንገድ ላይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ዘግቼ ሳለሁ ከድርጅቴ መልእክት ደረሰኝ። በደንባችን መሠረት ቅሬታ ላቀረበ ደንበኛ ይቅርታ የምትጠይቀው ራሷ ጥፋተኛዋ ሠራተኛ ናት፤ ኮሚቴውም አርብ ከመወሰኑ በፊት ተቀርጾ የሚቀመጠውን የይቅርታውን ጥሪ ያዳምጣል። ስለዚህ ነገ ሐሙስ ልክ በአራት ሰዓት እደውልልዎታለሁ። ይቅርታዬ አጭር ነው፣ ከልቤም ነው፤ ሥጋው በመበላሸቱ አዝኛለሁ። ከይቅርታው ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቅዎታለሁ፤ ትምህርት ቤትዎ ዛሬ ተማሪ ይቀበላል ወይስ አይቀበልም? አይቀበልም ካሉ ኮሚቴው ከራስዎ አንደበት ሰምቶታልና ደብዳቤ አያስፈልገኝም። ይቀበላል ካሉ ደግሞ ሶፊና መሳይ በዚያች ሰዓት ከአዴ ጂቱ ጋር በርዎ ላይ ቆመዋልና ይግቡ ይበሉልኝ። ይህን ጥቂት ወላጆችን ባማክራቸው፣ እኛም ልጆቻችንን አልብሰን እንመጣለን አሉ፤ አሁን ቁጥራቸው አርባ ሦስት ደርሷል። እባክዎ ስልኩን ቶሎ ያንሡት፤ ሁሉም መልስዎን በር ላይ ቆመው ነው የሚጠብቁት።